ለድርድር ቋንቋ ኤዲተር ሲመረጥ፦ «ብቸና» እና «ሞጣ» እንደ መፈተኛ

እንደ ኤፒኤልና ጄ ያሉ የድርድር ፕሮግራም ቋንቋዎች አንድን ሰንጠረዥ በሞላው በአንድ ትእዛዝ ያሰላሉ። የግዕዝ ፊደል ራሱ ሰንጠረዥ በመሆኑ ለእነዚህ ቋንቋዎች የተመቸ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 እያንዳንዱን ተነባቢ ከነዝርያዎቹ በስምንት ስምንት ቦታ ደርድሮ መዝግቦታል። ስለዚህ የሆሄውን መለያ ቁጥር ለስምንት አካፍሎ በቀሪው ላይ አንድ መደመር የሆሄውን ተራ ይሰጣል። ውጤቱ ለ«ብቸና» 6፣ 1፣ 4 (ሳድስ፣ ግዕዝ፣ ራብዕ)፣ ለ«ሞጣ» ደግሞ 7፣ 4 (ሳብዕ፣ ራብዕ) ነው።

ችግሩ የሚነሣው ከአቀማመጡ ነው። በዩቲኤፍ-8 ከእነዚህ ሆሄያት እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል። ዳያሎግ ኤፒኤል «ብቸና»ን 3 ብሎ ይቆጥራል፤ ጄ ግን ቃሉ አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ ካልተለወጠለት 9 ይላል። በማያ ገጹ ላይ ቃሉ በሁለቱም ዘንድ አንድ ስለሚመስል ስሕተቱ ለዓይን አይታይም። በብቸና አቅራቢያ በሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ የሚዘረፈውን ቅኔ ቤት መምቻ የሚያጠና ተመራማሪ የመጨረሻውን ሆሄ ለማውጣት ሲያዝ፣ «ና»ን ሳይሆን የ«ና»ን ሲሶ ሊያገኝ ይችላል። በዚያ ላይ የተመሠረተ ቆጠራ ሁሉ ይፈርሳል።

ስለሆነም ኤዲተር የሚመዘነው በውበቱ ሳይሆን በሦስት ነገሮች ነው። አንደኛ፣ የሆሄውን መለያ ቁጥርና ባይቶች ማሳየት አለበት፤ ኢማክስም ቪምም ይህን ያሟላሉ። ሁለተኛ፣ የኤፒኤልን ምልክቶችና የግዕዝን ሆሄያት ያለ ችግር ማስጻፍ አለበት። የዳያሎጉ ራይድ ምልክቶቹን ከአንድ መነሻ ቁልፍ ጋር በማጣመር ያስጽፋል፤ ለአማርኛው ግን የኮምፒዩተሩን የቁልፍ ሰሌዳ መለዋወጥ ይጠይቃል። ኢማክስ እ.ኤ.አ. በ1997 ከወጣው 20ኛ እትሙ ጀምሮ የራሱ የግዕዝ መጻፊያ ስልት አለው፤ ለጂኤንዩ ኤፒኤል የተዘጋጀው ተጨማሪ ክፍልም ምልክቶቹን ያስጽፋል፣ የተጻፈውንም መስመር ወደ አስፈጻሚው ይልካል። ሦስተኛ፣ ፎንቱ የሰንጠረዡን ዓምዶች ማስተካከል አለበት፤ የግዕዝ ሆሄ ከላቲኑ ሰፍቶ ከተሣለ ዓምዱ ይዛነፋል።

ከዚህ እንደሚታየው ቋንቋውን ገና ለሚማር ራይድ ይቀልለዋል፤ የግዕዝና የአማርኛ ጽሑፍ ለሚያጠና ግን ኢማክስ ይመረጣል። ምርጫው ምንም ቢሆን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁለቱን የከተማ ስሞች መጻፍ፣ መቁጠርና መገልበጥ ይገባል። ቆጠራው 3 እና 2፣ የ«ሞጣ» ግልባጭም «ጣሞ» ከሆነ መሣሪያው ለጥናት ብቁ ነው።