ደን የዛፍ ቁጥር ብቻ አይደለም



ክረምት በመጣ ቁጥር ዶማና አካፋ ይዘን እንወጣለን። ጉድጓድ እንቆፍራለን፣ ችግኝ እንተክላለን፣ ስንት እንደተከልን ቆጥረን እንመለሳለን። ሥራው መልካም ነው። ሆኖም ብዙዎቻችን ሳናነሳው የምናልፈው አንድ ጥያቄ አለ፦ የተከልነው ምን ዓይነት ዛፍ ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። በዚህ እትም በምድር ወገብ ዙሪያ ያሉ ሞቃታማ ደኖች ካርቦን እንዴት እንደሚያከማቹ፣ በውስጣቸው ያለው ብዝኃ ሕይወትም በዚህ ሥራ ምን ድርሻ እንዳለው አብረን እንማራለን።

ዛፍ የካርቦን ጎተራ ነው

ዛፍ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳል፤ በፀሐይ ብርሃን ኃይልም ምግቡን ይሠራል። ካርቦኑ በግንዱ፣ በቅርንጫፉና በሥሩ ይቀመጣል። ከደረቀ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። ስለዚህ ግዙፍና እንጨቱ ጠንካራ የሆነ ዛፍ ለብዙ ዘመን የተዘጋ ጎተራ ነው ማለት እንችላለን። ደኑ ሲመነጠርና ሲቃጠል ግን ጎተራው ይከፈታል፤ ለዘመናት የተከማቸው ካርቦን ወደ አየር ይመለሳል።

ጎተራውን የሚሞሉት እነማን ናቸው?

ዛፎች ብቻቸውን አይደሉም። በኮንጎ ተፋሰስ ደኖች የሚኖሩትን የደን ዝሆኖች እንመልከት። ዝሆን ፍሬ ይበላል፤ ዘሩን ከብዙ ኪሎ ሜትር በኋላ ከፋንድያው ጋር ይጥላል። ከዚህም ሌላ በየመንገዱ ትንንሽ ዛፎችን ይሰብራል፣ ይበላል። ጥፋት ይመስላል፤ ነገር ግን ብርሃኑና ውኃው ቀስ ብለው ለሚያድጉ፣ እንጨታቸው ጠንካራ ለሆነ ትልልቅ ዛፎች ይተርፋል። ብዙ ካርቦን የሚይዙትም እነዚህ ናቸው። በ2019 የታተመ አንድ ጥናት፣ የደን ዝሆኖች ፈጽመው ቢጠፉ በመካከለኛው አፍሪካ ደኖች ከመሬት በላይ ያለው የዕፅዋት ክምችት በ7 በመቶ እንደሚቀንስ አስልቷል። እንግዲህ ለጥርሱ ሲል ዝሆን የሚገድል አዳኝ አንድም ዛፍ ሳይቆርጥ የደኑን ካርቦን ያጎድላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌያችን ከማሌዥያ ሳባህ ግዛት የተገኘ ነው። በዚያ በ2002 በተጀመረ ሙከራ፣ ቀድሞ ግንድ የተቆረጠበት ደን እያንዳንዳቸው 4 ሄክታር በሆኑ ቦታዎች ተከፈለ። በአንዳንዱ አንድ ዝርያ ብቻ፣ በሌላው 4፣ በሌላው ደግሞ 16 አገር በቀል ዝርያዎች ተተከሉ። ከዓመታት በኋላ በሳተላይት ሲታይ፣ 16 ዝርያ የተቀላቀለባቸው ቦታዎች አንድ ዝርያ ብቻ ከተተከለባቸው በፈጠነ ሁኔታ አገግመው ተገኙ።

ምክንያቱን ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። የአንዱ ሥር ጠልቆ ሲሄድ የሌላው ከላይ ይሰራጫል፤ አንዱ ሙሉ ፀሐይ ሲፈልግ ሌላው በጥላ ሥር ያድጋል። እንደ ሰሳ ያለ ዛፍ ደግሞ ናይትሮጅን ለአፈሩ ይጨምራል። አንድን ዝርያ የሚያጠቃ በሽታ ወይም ድርቅ ሲመጣም ሌሎቹ ይተርፋሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ ግን አንድ በሽታ ሁሉንም ሊጠርግ ይችላል።

ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥር ባዶ

ይህ ነገር እኛንም ይመለከታል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ያሉት የከፋ፣ የያዩና የሸካ ደኖች በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገቡ ናቸው፤ ሁለቱ በ2010፣ ሸካ በ2012። አረቢካ ቡና ዛሬም በእነዚህ ደኖች በዱር ይበቅላል።

አርሶ አደሩ ቡናው የተሻለ ምርት እንዲሰጠው ከቡናው ሥር ያለውን ቁጥቋጦ ይመነጥራል፤ የጥላ ዛፎችንም ይቀንሳል። ኑሮው ነውና አንወቅሰውም። ነገር ግን ከቁጥቋጦው ጋር የዝግባው፣ የከራሮውና የጥቁር እንጨቱ ቡቃያም አብሮ ይታጨዳል። ደኑን ከሩቅ ስናየው አረንጓዴ ነው፤ ውስጡ ስንገባ ግን አሮጌዎቹ ዛፎች ሲወድቁ የሚተካቸው የለም። ይህ በችግኝ ቁጥር የማይታይ ኪሳራ ነው። በምንጠራ ጊዜ የትልልቅ ዛፎችን ቡቃያ እየለዩ መተው ግን ብዙ ወጪ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው።

ምን እናድርግ?

ባሕር ዛፍ ጠላት ነው እያልን አይደለም። ማገዶና የቤት መሥሪያ ሆኖ የተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጥ ያግዛል። የደንን ቦታ ግን አይተካም። እንዲሁም ደን ብቻውን የአየር ንብረት ለውጥን አያቆምም፤ የነዳጅና የድንጋይ ከሰል ጭስ ካልቀነሰ ጎተራው አይበቃም።

ከእኛ የሚጠበቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከመትከል በፊት ያለውን ደን መጠበቅ፤ የመቶ ዓመት ዛፍ በችግኝ አይተካምና። ሁለተኛ፣ ስንተክል ለአካባቢው የሚስማሙ አገር በቀል ዝርያዎችን ማቀላቀል። ሦስተኛ፣ የተተከለውን ሳይሆን የጸደቀውን መቁጠር።

ለውይይት

1. በግቢያችን ያሉትን ዛፎች ስም ስንቶቻችን እናውቃለን? ስንቶቹስ አገር በቀል ናቸው?
2. ባለፈው ክረምት ከተከልናቸው ስንቱ ጸድቋል? ማን ይከታተላቸዋል?
3. ቡና ከሚመረትበት አካባቢ የመጣችሁ፣ በአያቶቻችሁ ዘመን የነበሩና ዛሬ የማይታዩ ዛፎችና እንስሳት የትኞቹ ናቸው?

መልሶቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ስብሰባችን እንወያይበታለን።