የሚጠብቅሽ ሰው አለ

ቀና በይ፤ አንገትሽን ካዘነበልሽው ሹሩባው ይጣመማል። እሁድ ስትሮጪ ፊትሽ ላይ እንዳይወድቅ ጠበቅ አድርጌ ነው የምሠራሽ፣ ቢያምሽም ቻይው። ይህ ዝናብ እስኪያባራ ከዚህ የትም አንሄድ፤ እስከዚያ የልቤን ልንገርሽ።

ትናንት ለዱላ ቅብብሉ ስም ስንጽፍ «እትዬ፣ እኔን ተዉኝ፣ አዘገያችኋለሁ» አልሽ። ልጆቹ ፊት ዝም አልኩሽ እንጂ ቃሉ ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ። እኔም ብዬው ስለማውቅ ነው።

ብቻዬን ስሮጥ ስንቴ እንዳቋረጥኩ አንቺ ታውቂያለሽ። ከቦንጋ ወደ ውሽውሽ በሚወስደው መንገድ እጀምራለሁ፣ ዳገቱ ሲጠናብኝ እቆማለሁ፣ ተመልሼ ቤቴ እገባለሁ። ብቆም የሚጎዳ ሰው የለማ። የመጀመሪያ ቅብብሌ ቀን ያው ዳገት ያው ሆኖ ጠበቀኝ፤ ጉልበቴ ራደ፣ ትንፋሼ አጠረ። ልቆም ስል ከዳገቱ ማዶ ያለችው ጓደኛዬ ታወሰችኝ። ሹራቧን አውልቃ፣ ካፊያው እየመታት፣ መንገድ መንገዱን ታያለች። እኔ ባረፍኩ ቁጥር ብርዱን የምትቀበለው እሷ ናት። አልቆምኩም። ፈጠንኩ አልልሽም፤ አልቆምኩም። ከዚያ ቀን ወዲህ ቅብብል አምልጦኝ አያውቅም።

በሽተኛ በቃሬዛ ሲወሰድ አይተሻል አይደል? መኪና ከማይገባበት ሰፈር እስከ ጤና ጣቢያ ትከሻ እየተቀያየሩ ነው የሚያደርሱት። ከመካከላቸው ጎበዙም አለ፣ አቅመ ደካማውም አለ። ያ አቅመ ደካማ አንዲት ቁልቁለት ብቻ ቢሸከም እንኳ ጎበዙ ለዳገቱ ትንፋሽ ይሰበስባል። «አንተ ቀርፋፋ ነህና ቅር» ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አልሰማሁም።

ሂሳቡንም አብረን እንሥራው። የማራቶኑን 42.195 ኪሎ ሜትር ለስድስት የምንካፈለው 5፣ 10፣ 5፣ 10፣ 5 እና 7.195 አድርገን ነው። አንቺ ከባለ 5 ኪሎ ሜትሮቹ አንዱን ትወስጃለሽ። ከሌሎቻችን በየኪሎ ሜትሩ አንድ ደቂቃ ብትዘገዪ በጠቅላላው 5 ደቂቃ ነው። አራት ሰዓት ሊፈጅብን በሚችል መንገድ ላይ 5 ደቂቃ! ከቀረሽ ግን ያንን 5 ኪሎ ሜትር አንዳችን ደርበን ልንሮጠው ነው። ታዲያ የቱ ነው የሚያዘገየን?

ይህ አከፋፈል የኛ ፈጠራ እንዳይመስልሽ፤ በዓለም መድረክ የተሮጠበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ኮፐንሃገን ላይ፣ በ1998 ደግሞ ብራዚል ማናውስ ላይ የኢትዮጵያ ሴቶች የዓለም የጎዳና ዱላ ቅብብል ሻምፒዮና አሸናፊዎች ነበሩ። በሌላ ዓይነት ቅብብልም በ2019 ዴንማርክ ኦርሁስ ላይ በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ኢትዮጵያውያን ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ሆነው፣ እያንዳንዳቸው 2 ኪሎ ሜትር ሮጠው ወርቅ አመጡ። ስለ ሩጫ ስናወራ የአንድ ጀግና ስም ይዘን እንሮጣለን፤ አበበ፣ ደራርቱ፣ ኃይሌ እንላለን፤ ይገባቸዋልም። የነዚህን ቡድኖች ድል ግን ማንም ሲያወሳ አልሰማም፤ ይህ ያንገበግበኛል።

ጃፓኖችማ የጎዳና ቅብብል ሩጫን ኤኪደን ይሉታል። የመጀመሪያው በ1917 ከኪዮቶ እስከ ቶኪዮ 508 ኪሎ ሜትር ሲሆን ሦስት ቀን ፈጅቷል። በዱላ ፈንታ በትከሻና በደረት የሚያገድሙት መቀነት ነው የሚቀባበሉት። የቀደመችሽ ሯጭ ላብ ያራሰውን መቀነት አንቺ ትታጠቂዋለሽ። አስቢው እስኪ።

ዞር አትበዪ፣ ጨርሻለሁ ማለት ይቻላል።

አሁን ልብ በይ። ተራሽን ስትጠብቂ ጋቢሽን እንዳታወልቂ፤ የምታቀብልሽ ልጅ ከሩቅ ስትታይ ብቻ አውልቂ። ቁጭም አትበዪ፤ ሰውነት ከቀዘቀዘ ጡንቻ ይይዝሻል፤ ወዲያ ወዲህ በይ። ማታ ቆጮሽን በደንብ ብዪ፣ ጠዋት ግን ሆድሽን አታክብጂው። ትልቁ አደጋ የመጀመሪያው ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከተቀበልሽ በኋላ ደስታው ክንፍ ይሰጥሽና ትበሪያለሽ፣ ከዚያ ዳገቱ ላይ ባዶ ትቀሪያለሽ። የተቀበልሽው ዱላውን እንጂ የሷን ፍጥነት አይደለም፤ በራስሽ እርምጃ ሂጂ። ቁልቁለቱን በረጅም እርምጃ አትውረጂው፤ ጭንሽን የሚሰብረው እሱ ነው፣ በተለይ ጭቃው ሲያንሸራትት።

ካስረከብሽ በኋላ ደግሞ «ይቅርታ፣ ዘገየሁ» እንዳትዪ። ለምትቀጥለዋ የሚያስፈልጋት ዱላው ብቻ ነው፤ ይቅርታሽን ስትሰማ ሸክም ይሆንባታል። አስረክቢያት፣ «አይዞሽ» በያት፣ ከመንገዱ ውጪ።

ዝናቡ አባራ መሰለኝ። ተነሺ፣ መስታወቱን ላምጣልሽ። ስምሽን ትናንትናውኑ ሦስተኛው ላይ ጽፌዋለሁ። አራተኛዋ እኔ ነኝ፤ ከእጅሽ የምቀበለው እኔ ነኝ።