ኢንተርኔት የማይደርሰው ኮምፒውተር እንዴት ይታደሳል?

ጥያቄ፦ ሐይቅ ከተማ በሚገኝ መሥሪያ ቤት የአይቲ ባለሙያ ነኝ። ኮምፒውተሮቻችን ዊንዶውስ 7 ላይ ናቸው። ኢንተርኔት የላቸውም፣ ፍላሽ መሰካት ክልክል ነው፣ የአድሚን ፓስወርዱ ያለው ደሴ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ክልከላውን ለመስበር አይሞክሩ፤ በተለይ ከሰው እጅ የተገኘ ክራክ ፈጽሞ አይጫኑ። ትልቁ ችግርዎ ግን ዊንዶውስ 7 ራሱ ነው። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። «ኢንተርኔት ከሌለ ምን ያሰጋል?» የሚል አለቃ ካለ ዋናክራይ የተባለውን አጥፊ ፕሮግራም ነገር ይንገሩት። በግንቦት 2009 ዓ.ም. የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሲያሽመደምድ በውስጥ ኔትወርክ ከማሽን ማሽን ይዛመት ነበር፤ ቀዳዳውን የሚደፍነው ማሻሻያ ደግሞ ከሁለት ወር በፊት ወጥቷል።

ስለዚህ ደሴ ላሉት ኃላፊዎች በደብዳቤ ያመልክቱ። የእያንዳንዱን ማሽን ዕድሜ፣ ራምና የሚሠራበትን ፕሮግራም ይዘርዝሩ፤ ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ ከአሮጌዎቹ አብዛኞቹ አይችሉትም። ለእነሱ አዲስ ማሽን ወይም ሊኑክስ ይጠየቅ።

ፈቃድ ሲገኝ የአዲሱ ሲስተም መጫኛ ፋይል ከአምራቹ ገጽ በንጹሕ ኮምፒውተር ይውረድ፣ ዲጂታል ፊርማው ይረጋገጥ፣ ለዚሁ ብቻ በተመደበና በተመዘገበ ፍላሽ ይግባ። መጀመሪያ መረጃው ባክአፕ ይደረግ፤ ከዚያ አንድ ማሽን ላይ ብቻ ጭነው የዕለት ሥራው ሳይስተጓጎል መሄዱን ለጥቂት ቀናት ይከታተሉ። ቀሪዎቹን ከዚያ በኋላ ይቀጥሉ።