ጨዋታ በክርስቲያን ሕይወት፦ ስለ ገበታ፣ ስለ ሰንጠረዥና ስለ አዳዲስ የጠረጴዛ ጨዋታዎች



በገረሴና በአካባቢዋ የሚገኙ ወጣቶቻችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቁምስናው አዳራሽ ተሰብስበው የጠረጴዛ ጨዋታዎችን እንዲጫወቱ፣ በዓመት አንድ ጊዜም ከአርባ ምንጭና ከሌሎች ቁምስናዎች ወጣቶች ጋር ለዚሁ እንዲገናኙ ፈቃድ ጠይቀዋል። ከአባቶች አንዳንዶቹ፣ «ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቤት ናት እንጂ የጨዋታ ቤት አይደለችም» ሲሉ መልሰውላቸዋል። ሁለቱም ወገኖች የተናገሩት ለቤተ ክርስቲያን ከማሰብ ስለ ሆነ፣ ጥያቄው በችኮላ በ«ይሁን» ወይም በ«አይሁን» የሚዘጋ አይደለም። በዚህ ትምህርት ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ስለ ጨዋታ ምን እንደምታስተምር፣ አገራችንም በዚህ ረገድ ምን ዓይነት ቅርስ እንዳላት እንመለከታለን።

በመጀመሪያ ቃሉን እንመርምር። በአማርኛ «ጨዋታ» ስንል የልጆችን ሩጫና የጠጠር ውድድር ብቻ ማለታችን አይደለም፤ በቡና ዙሪያ የሚደረገውን ወግም «ጨዋታ» እንለዋለን። «እንጫወት» ብሎ የጋበዘ ሰው አብሮ መቀመጥን ጋብዟል። «ገበታ» የሚለውም ቃል እንዲሁ እንጀራ የሚቀርብበትም ጠጠር የሚዘራበትም ነው። ከአንድ ገበታ የበሉ ሰዎች ባላንጣ ሊሆኑ እንደማይገባቸው ሁሉ፣ በአንድ ገበታ የተጫወቱም እንዲሁ ነው። ቋንቋው ራሱ ግማሹን ትምህርት ሰጥቶናል ለማለት ይቻላል።

የገበታ ጨዋታ በአገራችን እጅግ ጥንታዊ ነው። በየሃና ዛሬ በኤርትራ በምትገኘው በመጠራ፣ ከ6ኛውና ከ7ኛው ምእት ዓመት እንደ ሆኑ የሚታመኑ የገበታ ጉድጓዶች በድንጋይ ተቀርጸው ተገኝተዋል። የኢትዮጵያን ታሪክ በመመርመር የታወቁት ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስትም በየአካባቢው የሚገኙትን የገበታ ዓይነቶች ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1971 ጽፈዋል፤ ከእነዚህ አንዱ «ላም ወላዳች» ይባላል። ስሙ ብቻ የጨዋታው ባለቤቶች እነማን እንደ ነበሩ ይመሰክራል። በደጋው ሜዳችን ላይ ከብት የሚጠብቅ ልጅ በመሬት ላይ ሁለት ረድፍ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ በየጉድጓዱ ጠጠር አኑሮ ሲጫወት ያላየ ሰው አይኖርም። ሕጉ እንደየአገሩ ቢለያይም መሠረቱ አንድ ነው፦ ተጫዋቹ የአንዱን ጉድጓድ ጠጠር በሙሉ አንሥቶ በተከታዮቹ ጉድጓዶች አንድ በአንድ ይዘራል። የመጨረሻው ጠጠር ባዶ ካልሆነ ጉድጓድ ሲወድቅ፣ በብዙ ቦታ ያንን አንሥቶ መዝራቱን ይቀጥላል። ያልዘራ አያጭድም፤ ሁሉን በእጁ ይዞ የሚያሸንፍም የለም።

ሰንጠረዥም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ በቤተ መንግሥታቸው ከነበረው ከቬኔስያዊው ሠዓሊ ከቢቺኒ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር ይነገራል። በ19ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያም እንግሊዛዊው መንገደኛ ሄንሪ ሳልት የትግራዩን ራስ ወልደ ሥላሴን ሰንጠረዥ ሲጫወቱ እንዳያቸው ጽፏል። የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ በሌላው ዓለም የማይታወቅ «ወረራ» የሚባል መክፈቻ ነበረው። በዚህ ክፍል ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሠራዊታቸውን እንደ ፈቀዱ ያሰልፋሉ። ይህ የአሰላለፍ ሥርዓት ከመኳንንቱ ቤት ጋር አብሮ መጥፋቱ ያሳዝናል።

እንግዲህ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንመለስ። የአባቶቻችን ሥጋት አዲስ አይደለም። በ11ኛው ምእት ዓመት ብፁዕ ካርዲናል፣ በኋላም ቅዱስ የተባለው ጴጥሮስ ዳምያኖስ፣ ከፊሬንሴ ጳጳስ ጋር ሲጓዝ ጳጳሱ ባረፉበት ቤት ምሽቱን በሰንጠረዥ እንዳሳለፈ ሰምቶ በብርቱ ገሠጸው። ጳጳሱም፣ ሰንጠረዥ ሌላ ዛራ ሌላ ነው፤ ቀኖና የከለከለው ዛራን ነው ሲል ተከራከረ። ጴጥሮስ ግን አልተቀበለውም። መዝሙረ ዳዊትን ሦስት ጊዜ እንዲደግም፣ የ12 ድኾችን እግር እንዲያጥብና ምጽዋት እንዲሰጣቸው ንስሐ ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1215 የተደረገው 4ኛው የላተራን ጉባኤም ካህናት የዛራ ጨዋታ እንዳይጫወቱ አዝዟል። የጳጳሱ መልስ ለዚያች ሌሊት ባይጠቅመውም፣ የለየው ልዩነት ግን ትክክል እንደ ነበር ኋላ የመጣው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያሳያል።

ነገሩን በጥልቀት ያስተማረው ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ነው። በ«ሱማ ቴኦሎጂካ» ሁለተኛ ክፍል፣ ስለ ልከኝነት በሚናገርበት ስፍራ፣ ጨዋታ ምግባር ሊሆን ይችላልን? ብሎ ይጠይቃል። መልሱም እንዲህ ነው፦ ሥጋ በሥራ እንደሚደክም ነፍስም በማሰብ ትደክማለች፤ የሥጋ ድካም በሥጋ ዕረፍት እንደሚወገድ የነፍስም ድካም በነፍስ ዕረፍት ይወገዳል፤ የነፍስም ዕረፍት ደስታ ነው። ለዚህም ስለ ወንጌላዊው ዮሐንስ የሚነገረውን ታሪክ ያመጣል። አንዳንዶች ሐዋርያውን ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ሲጫወት አገኙትና ተሰናከሉ። እርሱም ቀስት ከያዘው ሰው አንዱን ቀስቱን እንዲወጥርና እንዲያስፈነጥር አዘዘው፤ ደጋግሞ ካስፈነጠረ በኋላ፣ ይህን ሳታቋርጥ ልታደርግ ትችላለህን? ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው ቀስቱ ይሰበራል አለ። ሐዋርያውም የሰው ልብ እንዲሁ ነው ሲል አስረዳቸው። ቅዱስ ቶማስ በዚህ ላይ ሦስት ጥንቃቄዎችን ያክላል፦ ጨዋታው ነውርና ጉዳት እንዳይኖርበት፣ የነፍስ ጽናት በጨዋታው እንዳይፈታ፣ ለሰውዬው ለጊዜውና ለስፍራው የሚገባ እንዲሆን።

ብዙዎቻችን ያላስተዋልነው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ጨዋታ የሚያበዛ እንደሚበድል ሁሉ፣ ፈጽሞ የማይጫወት፣ ሌላውም ሲጫወት ፊቱን የሚያጠቁር ሰው ስሕተት እንደሚገኝበት ቅዱሱ ሊቅ ያስተምራል፤ ለባልንጀራው ሸክም ይሆናልና። ጌታችንም ደክመው የተመለሱትን ሐዋርያት ጥቂት እንዲያርፉ እንደ ጋበዛቸው በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 እናነባለን። ነቢዩ ዘካርያስም በምዕራፍ 8 የታደሰችውን ኢየሩሳሌምን ሲስል ሽማግሌዎች በጎዳናዋ ተቀምጠው፣ ወንዶችና ሴቶች ልጆችም ሲጫወቱባት ያሳየናል። ሽማግሌውና ልጁ በአንድ ጎዳና መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ቅድስት ተሬዛ ዘአቪላ ደግሞ ገዳማውያት እኅቶቿን ጸሎት ስታስተምር ሰንጠረዥን ምሳሌ አድርጋ ጽፋለች፤ ንጉሡን ለማሸነፍ የሚቻለው በትሕትና ነው ለማለት። በኋላ ይህን ክፍል ከመጽሐፏ ብታወጣውም የመጀመሪያው ጽሑፍ ተርፎ እስከ ዛሬ ይነበባል። ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘሳልስም ሰንጠረዥን ከመልካም መዝናኛዎች ቈጥሮ፣ ረጅም ሰዓት ከተቀመጡበት ግን ዕረፍትነቱ ቀርቶ ድካም እንደሚሆን ያስጠነቅቃል። ዛራንና ካርታን የነቀፈበት ምክንያት፣ ትርፉ በችሎታና በድካም ሳይሆን በዕድል ስለሚገኝ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባናል፤ የአባቶቻችን ፍርሃት ሥሩ በጨዋታው ላይ ሳይሆን በቁማር ላይ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2413፣ የዕድል ጨዋታና ውርርድ በራሳቸው ፍትሕን የሚጻረሩ ባይሆኑም፣ ሰውየውን ለራሱና ለቤተሰቡ የሚያስፈልገውን የሚያሳጡ ሲሆኑ በግብረ ገብ ተቀባይነት እንደሌላቸው፣ የቁማር ፍላጎትም ወደ ባርነት ሊለወጥ እንደሚችል ያስተምራል። በአርባ ምንጭና በሌሎችም ከተሞች የተስፋፉትን የስፖርት ውርርድ ቤቶች የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ማብራሪያ አያሻውም። ሸማኔ ሳምንቱን ሙሉ በጉድጓዱ ተቀምጦ የሠራው ጋቢ ዋጋ፣ ስሙን እንኳ በወጉ በማይጠራው የሩቅ አገር የእግር ኳስ ቡድን ላይ በአንድ ቅዳሜ ይጠፋል። በቆርኪ የሚጫወቱት ዳማ እንኳ «ያለ ነገር አይጥምም» ተብሎ መጀመሪያ በለስላሳ፣ ኋላ በብር ይሆናል። ወጣቱ ወደዚያ የሚሄደው ገንዘብ ወዶ ብቻ አይመስለኝም። አብሮት የሚቀመጥ ሰው፣ የሚሞቅ ክፍልና ልብን የሚያንጠለጥል ነገር ፈልጎም ነው። ይህን እኛ ካልሰጠነው የሚሰጠው ሌላ አለ።

ወጣቶቻችን የጠቀሷቸው አዳዲስ ጨዋታዎች ምን ዓይነት ናቸው? በጀርመን አገር በኤሰን ከተማ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ታላቅ የጠረጴዛ ጨዋታ ጉባኤ ይደረጋል፤ በቅርብ ዓመታት ወደ 200,000 የሚጠጋ ሰው ተገኝቶበታል። ወደዚያ የሚመጣው ሕዝብ የሚያውቀውን ጨዋታ ለመድገም ብቻ አይመጣም። ከማያውቀው ሰው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጦ የማያውቀውን ሕግ ይማራል፤ ሕጉን የሚያስረዳውም ሰው ታግሦ ከመጀመሪያው ይጀምርለታል። አባትና ልጅ እኩል ጀማሪ ሆነው መቀመጣቸው ለቤተሰብ ያለው ጥቅም ቀላል አይደለም።

ከእነዚህ ጨዋታዎች የታወቀው «ካታን» ነው። ክላውስ ቶይበር የተባለ የጥርስ ቴክኒሻን የፈጠረው ሲሆን የታተመውም በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። ዛራ ቢጣልበትም ቁማር አይደለም። ተጫዋቾቹ እህል፣ ሱፍ፣ እንጨትና ሸክላ እየተለዋወጡ መንደር ይመሠርታሉ፤ ከባልንጀራው ጋር የማይገበያይ ሰው እምብዛም አይራመድም። እስከ መጨረሻውም ከጨዋታው የሚባረር የለም። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው «ፓንደሚክ» ደግሞ ተጫዋቾች ሁሉ በአንድነት ከወረርሽኝ ጋር የሚታገሉበት ነው፤ ወይ ሁሉም ያሸንፋሉ፣ ወይ ሁሉም ይሸነፋሉ። በዱቡሻ ተቀምጦ ሐሳብ ለሐሳብ እስኪስማማ ድረስ ሲመክር ለኖረው ለጋሞ ሕዝብ ይህ አካሄድ ባዕድ ሊሆንበት አይገባም። እውነት ነው፣ ከውጭ የሚመጡት ጨዋታዎች ውድ ናቸው፤ ሕጋቸውም በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ነገር ግን አንድ ቅጂ ለብዙዎች ይበቃል፤ ሕጉን ወደ አማርኛና ወደ ጋሞኛ መመለስም ለተማሪዎቻችን መልካም የቋንቋ ሥራ ነው። ገበታውን የአገራችን አናጢ ይጠርበዋል፤ ጠጠሩን ወንዛችን ይሰጠናል።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት የወጣቶቹ ጥያቄ ሊፈቀድ ይገባዋል። ይሁን እንጂ ገንዘብ ቀርቶ የአንድ ለስላሳ ውርርድ እንኳ ወደ አዳራሹ አይግባ። ከቅዳሴና ከትምህርተ ክርስቶስ ሰዓት ጋር አይጋጭ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም ይፈጸም። ሴቶች ልጆች ውኃ ሲቀዱና ምሳ ሲያሰናዱ ወንዶቹ ብቻቸውን አዳራሹን የሚሞሉት ከሆነ ግን ዕረፍቱ የግማሽ ቤት ዕረፍት ነው፤ ወላጆች የእሑዱን ሥራ ለሁሉም እንዲያካፍሉ አደራ እላለሁ። ለዓመታዊው ስብሰባ ከዮ ማስቃላ ሳምንት የተሻለ ጊዜ አይገኝም፤ ከአዲስ አበባና ከሌላም ስፍራ የሄዱት ልጆቻችን ወደ ደጋው የሚመለሱት ያን ጊዜ ነውና። ጥያቄውን የተቃወሙት አባቶችም ገበታ የማስተማሩን ሥራ ቢረከቡ እመርጣለሁ፤ በልጅነታቸው የተጫወቱትን ሕግ ከእነርሱ በስተቀር የሚያውቀው የለም።

በየቁምስናው ለሚደረገው ውይይት የሚከተሉት ጥያቄዎች ይረዳሉ። በመንደራችን ገበታ በስንት ጉድጓድና በስንት ጠጠር ይጫወታሉ? ሕጉንስ ጽፎ የሚያስቀምጥልን ማን ነው? ቅዱስ ቶማስ ከዘረዘራቸው ሦስት ጥንቃቄዎች በእኛ ዘንድ ይበልጥ የሚጣሰው የትኛው ነው? በውርርድ ቤት የሚውል ወንድማችንን በመጪው እሑድ ወደ አዳራሹ ሄዶ የሚጠራው ማን ይሁን?