«ነጻ ተጫዋች» ዋጋው ስንት ነው?

በኢንተርኔት የሚደረጉት የቡድን አስተዳደር ጨዋታዎች በእኛ በተማሪዎች ዘንድ ከመዝናኛነት አልፈው የዘወትር መከራከሪያ ከሆኑ ቆይተዋል። አንዱ በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ላይ የተመሠረተውን ፋንታሲ ይጫወታል፤ ሌላው ፉትቦል ማኔጀር በሚባለው ጨዋታ ክለብ ያስተዳድራል። ከክርክሮቹ ሁሉ የሚደጋገመው ግን አንድ ነው፤ ይኸውም «በነጻ የሚገኝ ተጫዋች እያለ ስለምን ገንዘብ ይወጣል?» የሚለው ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሆኖም ስለ ገንዘብ፣ ስለ ሥራና ስለ ሰው መብት የሚያስተምረው ብዙ ስለሆነ በጥሞና ብናጠናው ይጠቅመናል።

ሁለት ትርጉም ያለው ቃል

በአማርኛችን «ነጻ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይናገራል። «ነጻ ሰው» ስንል የማንም ተገዢ ያልሆነ፣ በራሱ የሚያዝ ማለታችን ነው። «በነጻ አገኘሁት» ስንል ግን ያለ ዋጋ ማለታችን ነው። «ነጻ ተጫዋች» የሚለው ስያሜ የመጣው ከመጀመሪያው ትርጉም ነው፤ ብዙዎች ግን በሁለተኛው ይወስዱታል። የስሕተቱ ሥር እዚህ ላይ ነው።

ነጻነቱ እንዴት ተገኘ?

ነገሩ የተጀመረው በአሜሪካ፣ በቤዝቦል ነው። ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በቤዝቦል ውል ውስጥ ክለቡ የተጫዋቹን ውል በራሱ ፈቃድ እንዲያድስ መብት የሚሰጥ አንቀጽ ነበረ። ተጫዋቹ «ውሌ አልቋል» ብሎ ወደ ሌላ መሄድ አይችልም ነበር፤ ክለቡ ግን ሊሸጠውም ሊለውጠውም ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 የሴንት ሉዊሱ ተጫዋች ከርት ፍለድ «ወደ ፊላደልፊያ ተለውጠሃል» ቢባል አልሄድም አለ፤ ጉዳዩንም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሰ። በ1972 ተፈረደበት። የከፈተው ክርክር ግን በዚያ አልቀረም። በ1975 መጨረሻ ፒተር ሳይትዝ የተባሉት የግልግል ዳኛ፣ አንዲ ሜሰርስሚዝና ዴቭ ማክናሊ ባቀረቡት አቤቱታ ላይ፣ ክለቡ ውሉን በራሱ ፈቃድ ሊያራዝም የሚችለው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው ብለው ወሰኑ። ከዚያ በኋላ ተጫዋቹ የራሱ ሰው ሆነ።

በእግር ኳስም ያው ሆነ። ዣን ማርክ ቦስማን የተባለው ቤልጅጋዊ በሊዬዥ ክለብ የነበረው ውል እ.ኤ.አ. በ1990 አልቆ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ደንከርክ ለመሄድ ቢፈልግ በዝውውር ክፍያ ምክንያት ተከለከለ። እርሱም ተሟገተ። የአውሮፓ ፍርድ ቤት ታኅሣሥ 1995 በሰጠው ፍርድ፣ ውሉን የጨረሰ የኅብረቱ አገር ተጫዋች ያለ ዝውውር ክፍያ ወደ ሌላ አባል አገር ክለብ መሄድ እንደሚችል አረጋገጠ።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። የቀረው ክለብ ለክለብ የሚከፍለው ገንዘብ ነው። ያ ገንዘብ ግን ጠፍቶ አልቀረም፤ አብዛኛው በደመወዝና በፊርማ ገንዘብ መልክ ወደ ተጫዋቹ ዞረ። ነጻ ተጫዋች ዋጋውን ራሱ የሚናገር ሰው ነው።

በጨዋታው ውስጥ

እንደ ፉትቦል ማኔጀር ባሉት ጨዋታዎችና በቤዝቦሉ አውት ኦፍ ዘ ፓርክ ይህ ሕግ በትክክል ተቀርጿል። ውል የሌለው ተጫዋች ያለ ዝውውር ክፍያ ይፈርማል፤ ነገር ግን ደመወዝ ይጠይቃል፣ በፉትቦል ማኔጀርም የፊርማ ገንዘብና የወኪል ክፍያ ይጨመርበታል። ውሉ የሦስት ዓመት ከሆነ የሦስት ዓመት ዕዳ ገባችሁ ማለት ነው። ብዙ ሰው በአንድ ሊግ ሲጫወት ደግሞ ለአንዱ ዝነኛ ተጫዋች አምስትና ስድስት ሰው ይጫረታል። አሸናፊው ብዙ ጊዜ ከተገቢው ዋጋ በላይ የገመተው ነው። ጥቂት የታገሠ ግን ፈላጊ ያጣው ተጫዋች የሚጠይቀውን ሲቀንስለት ያያል።

በፋንታሲ ፕሪሚየር ሊግ ውል የሚባል ነገር የለም፤ ግን «ነጻ ዝውውር» አለ። ሕጉ ለብዙዎቻችሁ የታወቀ ነው፤ በ100 ሚሊዮን ፓውንድ 15 ተጫዋች ይገዛል፣ ከአንድ ክለብ ከ3 በላይ አይወሰድም፣ በየሳምንቱ አንድ ለውጥ በነጻ ይፈቀዳል፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ 4 ነጥብ ይቀነሳል። እንግዲህ በሒሳብ እንየው። የምታስወጡት አማካይ ከ60 ደቂቃ በላይ ተጫውቶ 2 ነጥብ ብቻ ቢያመጣ፣ የምታስገቡት ደግሞ ያንኑ ያህል ተጫውቶ አንድ ግብ ቢያገባ 2 ሲደመር 5፣ 7 ነጥብ ይሆናል። ልዩነቱ 5 ነው። 4 ሲቀነስ የሚተርፈው 1 ነጥብ ነው። ግብ አገባ ብላችሁ የጨፈራችሁበት ሁሉ ትርፉ ይኸው ነው፤ ባያገባ ኖሮ ኪሳራ ነበር።

ነጻ የተባለው የመጀመሪያው ለውጥስ? እርሱም ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2024/25 ወዲህ ያልተጠቀሙበት ለውጥ እስከ 5 ድረስ ይጠራቀማል። ስለዚህ ዛሬ በዘፈቀደ የተደረገ ለውጥ፣ ነገ ሦስት ተጫዋች ሲጎዳ ታድናችሁ የነበረችውን አንዷን ይዛ ሄዳለች። በተጨማሪም በ5.0 የተገዛ ተጫዋች ወደ 5.2 ቢያድግ ሲሸጥ የሚገኘው 5.1 ነው፤ የትርፉ እኩሌታ በጨዋታው ይቀራል። ሸጦ መልሶ የሚገዛ ሰው በየጊዜው ግብር ይከፍላል ማለት ነው።

የፎገራ ገበሬ ሚዛን

ይህን ጉዳይ ከኢንተርኔቱ ቀድሞ የሚያውቀው የፎገራ ገበሬ ነው። ከጣና ምሥራቅ ያለው ሜዳ፣ ጉማራና ርብ ክረምት ክረምት የሚያጥለቀልቁት አገር፣ ዛሬ የሩዝ አገር ነው። ሩዝ ደግሞ አረሙም አጨዳውም የብዙ ሰው ጉልበት ይጠይቃል። ገበሬው ይህን ጉልበት የሚያገኝባቸው ሦስት መንገዶች አሉ።

አንደኛው ደቦ ነው። የተጠራው ሰው የቀን ክፍያ አይቀበልም፤ ባለቤቱ ግን እህል አስፈጭቶ፣ ጠላ ጠምቆ፣ እንጀራና ወጥ አዘጋጅቶ ያበላል። ድግሱን ያሰናዳችውን የቤት እመቤት «ደቦ በነጻ ነው» ብላችሁ ንገሯት፤ መልሷን ትሰሙታላችሁ። ሁለተኛው ወንፈል ነው። ዛሬ የእኔን ካጨድህ ነገ የአንተን አጭዳለሁ ነው። ብር አይታይበትም፤ ግን ቀን በቀን ይከፈላል። ያውም የሁለቱም ሩዝ በአንድ ሳምንት ከደረሰ ዕዳው ይከብዳል። ሦስተኛው የቀን ሠራተኛ ነው። በወቅቱ ከእስቴና ከፋርጣ ደጋ ወርደው ወረታ የሚገቡ ሠራተኞች አሉ። የእነዚህ ሰዎች ጉልበት የማንም አይደለም፤ ከማን ጋር እንደሚሄዱ ራሳቸው ይወስናሉ። እውነተኞቹ ነጻ ተጫዋቾች እነርሱ ናቸው። ሩዙ ደርሶ ሰው ሲያንስ ዋጋቸው ይወጣል፤ ሥራው ሲቀዘቅዝ ይወርዳል።

ብልህ ገበሬ በርካሹ ብቻ አይመራም። የትኛው ማሳ ቀድሞ ደረሰ? ስንት ሰው ይበቃል? ከቤት ያለው ጉልበት የት ላይ ጎደለ? ብሎ ይጠይቃል። ሦስት ሰው ለሚበቃው ማሳ ስድስት ሰው አያመጣም፤ ስድስቱም ይበላሉና።

ከመፈረም በፊት

እንግዲህ ከላይ ያየነውን ወደ ጨዋታው ብንመልሰው አራት ጥያቄዎች እናገኛለን።

1. ይህ ሰው የሚሞላው ክፍተት የትኛው ነው? ስሙ ታላቅ ሆኖ በተጠባባቂ ወንበር የሚውል ተጫዋች የሌላውን ቦታና ደመወዝ ይዟል።

2. ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው? የዛሬውን ክፍያ ብቻ ሳትመለከቱ ደመወዙን በውሉ ዓመት አባዙት።

3. ስለምን ነጻ ሆነ? ውሉ በጊዜው አልቆ ነው? ተጎድቶ ነው? አርጅቶ ነው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና መርምሩ።

4. ብጠብቅስ? ፈላጊው አንድ እናንተ ብቻ ከሆናችሁ መቸኮል አያስፈልግም።

ስለ ራሳችን

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምር። በጨዋታው ውስጥ ሁላችንም ቀጣሪዎች ነን፤ ሰውን በርካሽ ማግኘት ያስደስተናል። በዓለም ግን አብዛኞቻችን የምንቆመው በሌላው ወገን ነው። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንና ክለቦች የተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወስነው ነበር። ያን ጊዜ እንደ አስተዳዳሪ ለሚያስብ ሰው ውሳኔው የክለቦችን ካዝና ያድናል፤ እንደ ተጫዋች ለሚያስብ ሰው ግን ዕድሜው አጭር በሆነ ሙያ ላይ ጣሪያ ተሠራበት። ሁለቱም ወገን ክርክር አለው። ቁም ነገሩ ሁለቱንም መስማት ነው።

እኛም በተመረቅን ማግሥት ውል የሌለን ነጻ ተጫዋቾች እንሆናለን። ያን ጊዜ «ልምድ እንድታገኝ በነጻ ሥራ» የሚል ቀጣሪ ቢመጣ፣ ፍለድና ቦስማን የተሟገቱለት ቃል የትኛው «ነጻ» እንደ ነበረ እናስታውስ። ሰውየው ነጻ ነው፤ ጉልበቱ ግን ዋጋ አለው። ይህን በጨዋታ የተማረ በሥራ ላይ ሲቀጥርም ሲቀጠርም አይታለልም፤ ሌላውንም አያታልልም።

ከዚህ የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ጓደኞች በሚቀጥለው እትም እንድትጽፉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።