ከጭነት መኪና ሆድ ሥር ስለሚታሰር ጋሻ የተጻፈ ትምህርት

ለአገር ገዢዎችና ለወረዳ ሹማምንት፤ የጭነት መኪና ላላቸውም ሁሉ።

ገበሬ ዘርቶ ማጨዱ ብቻውን ሀብት አይሆነውም፤ ያጨደው በጊዜው ገበያ የደረሰለት እንደ ሆነ ነው። በምዕራብ ሐረርጌ በቦኬ ወረዳ ማሽላና በቆሎ፥ ቡናና ጫት ይበቅላል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል ወደ ነበረችው ወደ ጭሮ፥ ከዚያም ወደ አዲስ አበባና ወደ ሐረር ለመድረስ ድንጋይ የበዛበትን ዳገትና ጐርፍ የሸረሸረውን መንገድ ማለፍ ግድ ነው። በእንዲህ ያለ መንገድ የጎማው መሄጃ ሲጎደጉድ መካከሉ ጉብታ ሆኖ ይቀራል፤ የመኪናውም ሆድ በዚያ ላይ ያርፋል።

ለዚህ ምት ከሁሉ ይልቅ የሚጋለጠው ኮፓ የሚባለው የሞተር ዘይት መያዣ ነው። ቀጭን ስለ ሆነ አንድ የሾለ ድንጋይ ይበሳዋል። ዘይቱ ፈስሶ ነጂው ሳያውቅ ቢነዳ፥ ብረት ከብረት ተፋጭቶ ሞተሩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተጣብቆ ይቆማል። በዚያን ጊዜ የሚጠፋው ሞተር ብቻ አይደለም፤ ጫቱ ይጠወልጋል፤ ለተቸገረ ሕዝብ የተላከውም እህል መንገድ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ብዙ ባለመኪናዎች ባካባቢያቸው ብረት ሠሪ እጅ ከሞተሩ ሥር ጋሻ ያሠራሉ። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ብረቱ ሳይመረጥ ቢሠራ ጋሻው ራሱ ጠላት ይሆናል። የመምረጫውም ሕግ ካባቶቻችን ጋሻ ይገኛል። የጎሽ ቆዳ ጋሻ ምት ሲያርፍበት ይለጠጣል እንጂ እንደ ሸክላ አይሰበርም። እንዲሁም ለመኪና የሚሻለው ጎብጦ የማይሰነጠቀው፥ ከጎበጠም በኋላ በመዶሻ የሚቀናው ነው። አሁን የሚገኙትን ዓይነቶች በየተራ እንመርምር።

1ኛ፤ የበርሜል ቆርቆሮ። ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር ያህል ስለ ሆነ ድንጋይ ይቀድደዋል፤ የተቀደደውም ስለት ወደ ላይ ታጥፎ ኮፓውን ይወጋዋል። ከዚህም በላይ ቤንዚን ወይም ናፍጣ የነበረበትን በርሜል በእሳት መቁረጥ ሕይወት ያጠፋል፤ ባዶ ቢመስልም በውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳልና። ስለዚህ ይከልከል።

2ኛ፤ እንጨት። ይሰነጠቃል፤ ዘይትም ይመጣል፤ በጋለ ሞተር አጠገብ ዘይት የጠጣ እንጨት ማሰር እሳት መጥራት ነው።

3ኛ፤ አሮጌ ባሌስትራ። ብረት ሠሪዎች ማረሻ የሚሠሩበት ስለ ሆነ ጥንካሬው የታወቀ ነው። ሆኖም ካርቦን የበዛበት ብረት በመሆኑ ያለ ጥንቃቄ የተበየደው ስፍራ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ለማረሻ ይቆይ፤ ለጋሻ አይምረጡት።

4ኛ፤ አሉሚኒየም። ክብደቱ የብረት ሲሶ ያህል ነው፤ ዝገትም አይበላውም። ነገር ግን ውፍረታቸው እኩል ሲሆን ከብረት ሦስት እጥፍ ያህል ይጎብጣል፤ ስለዚህ ወፍራሙ ያስፈልጋል። ብየዳው ልዩ መሣሪያና ልዩ እጅ ይሻል፤ ከብረት ጋር በተገናኘበትም ቦታ እርጥበት ሲያገኘው ይበላል። ብልህ ሠሪ ባለበት ከተማ መልካም ነው፤ በገጠር ግን ቢሰበር የሚጠግነው አይገኝም።

5ኛ፤ ለስላሳ የብረት ላሜራ። የምንመክረው ይህን ነው። ለአይሱዙና ለመሰሉ መኪናዎች ከ4 እስከ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ይበቃል። ርዝመቱ 100፥ ስፋቱ 60 ሳንቲሜትር፥ ውፍረቱ 5 ሚሊሜትር የሆነው ላሜራ 23 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። ከዚህ እጅግ ቢወፍር የፊተኛውን ባሌስትራ ያደክማል፤ ከሚጫነውም እህል ይቀንሳል። ዚንክ የተቀባ ላሜራ ከሆነ ቅቡ ከሚበየድበት ቦታ አስቀድሞ ይፋቅ፤ ጢሱ በያጁን ያሳምማልና።

ብረቱ ከተመረጠ በኋላ አስተሳሰሩ ይጠበቅ። ጋሻው ምቱን ለሻንሲው ያስተላልፍ እንጂ በሞተሩ ወይም በኮፓው ላይ ከቶ አይንጠልጠል። ሻንሲውን የብየዳ እሳት ስለሚያደክመው፥ በተዘጋጀው ቀዳዳ በራሱ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር ባለበት ብሎን ይታሰር። በጋሻውና በኮፓው መካከል ቢያንስ ሦስት ጣት ክፍተት ይተው፤ ጋሻው ሲጎብጥ እንዳይነካው። የፊተኛው ጫፍ ወደ ላይ ይታጠፍ፤ ድንጋዩን እንዲንሸራተትበት እንጂ እንዳይቆፍረው። ለዘይት ማፍሰሻ፥ ለነፋስና ለጭቃ መውጫ ቀዳዳ ይበጅለት። በየጊዜውም እየተፈታ የታጨቀው ሣርና ጭቃ ይውጣ፤ ደረቅ ሣር ከጋለ ሞተር ሥር ሲከማች ይነድዳል፤ የዘይትንም መንጠብጠብ ይሸፍናል።

በመጨረሻም ይህ ይታሰብ። ጋሻ የሚጠብቀው አንዱን መኪና ነው፤ የተጠረገ መንገድ ግን የሚያልፈውን ሁሉ ይጠብቃል። እንግዲህ ሹማምንት ሆይ፥ የቡናውና የማሽላው መጫኛ ወራት ሳይደርስ የመንገዱን መካከል ጉብታ አስቆርጡ፤ የሾለውን ድንጋይ አስነሡ፤ ለጐርፉም ቦይ አስቀድዱ። ባለመኪናውም በበኩሉ ጋሻውን በደንብ ያሠራ። ሁለቱ ሲተባበሩ የገበሬው ድካም በመንገድ ላይ ሳይቀር ከገበያ ይደርሳል።