ስለ ደመና ግምጃ ቤትና ስለ መዝገብ፤ ሁለቱን ያለ ኮድ ስለ ማገናኘት

ግምጃ ቤትና መዝገብ ሁለት ነገሮች ናቸው። ግምጃ ቤት ዕቃውን ይይዛል፤ መዝገብ ግን ምን እንዳለ፥ የማን እንደ ሆነ፥ መቼ እንደ ገባ ይናገራል። ግምጃ ቤቱ ሞልቶ መዝገቡ ባዶ የሆነ እንደ ሆነ፥ ያለው ሁሉ እንደሌለ ይቈጠራል፤ የሚፈልገው ሰው ሊያገኘው አይችልምና። ወረቀት ሁሉ በስልክ ፎቶግራፍ እየተነሣ በኢንተርኔት በሚቀመጥበት በዛሬው ዘመንም ይህ ነገር አልተለወጠም። የልጁ የምስክር ወረቀት ሥዕል በአንድ ስፍራ ተቀምጦ ሳለ፥ ስሙና ክፍሉ በመዝገብ ሳይጻፍ ይቀራል። ልጁም ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሊዛወር በመጣ ጊዜ «ወረቀትህ የለም» ይባላል።

ደመና የሚሉት ግምጃ ቤት በሰማይ ያለ ነገር አይደለም። በሩቅ አገር በትልልቅ አዳራሽ የተደረደሩ፥ ሌሊትና ቀን የማይጠፉ የኮምፒዩተሮች ማኅበር ነው፤ ሰውም በኢንተርኔት አማካይነት ፋይሉን ከዚያ ያኖራል፥ ከዚያም ያወጣል። በአውሮፓውያን አቈጣጠር አማዞን ኤስ ስሪ የተባለውን ግምጃ ቤት በ2006 ከፈተ፤ ድሩ ሂውስተንና አራሽ ፈርዶሲ ድሮፕቦክስን በ2007 አቋቋሙ፤ ጎግል ድራይቭ በ2012 ተከፈተ። እንዲህ ያለው ግምጃ ቤት የፋይሉን ስም፥ መጠኑንና የገባበትን ቀን ያውቃል። ወረቀቱ የየትኛው ተማሪ እንደ ሆነ ግን ለይቶ አይመዘግብም።

ይህን የሚመዘግበው ዳታቤዝ ነው። በእንግሊዝ አገር ተወልዶ በአሜሪካ በአይ ቢ ኤም ይሠራ የነበረው ኤድጋር ኮድ (ይህ የቤተ ሰቡ ስም ነው እንጂ ኋላ ከሚነገረው ኮድ ጋር ዝምድና የለውም) በ1970 ባወጣው ጽሕፈት፥ መረጃ ሁሉ በረድፍና በዓምድ በተሠራ ሠንጠረዥ ቢቀመጥ፥ እያንዳንዱም ረድፍ በራሱ ቍልፍ ቢታወቅ እንደሚሻል አስረዳ። ዛሬ በዓለም ያሉት ብዙዎቹ ዳታቤዞች በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው። በ2012 የተቋቋመው ኤርቴብልም ይህንኑ አሳብ መምህር ወይም ጸሐፊ ያለ ባለሙያ ሊጠቀምበት በሚችል መልክ አቅርቦታል።

እንግዲህ በግምጃ ቤቱና በመዝገቡ መካከል የሚመላለስ ተላላኪ ያስፈልጋል። አስቀድሞ ይህን ተላላኪ ለመሥራት ኮድ፥ ማለት ለኮምፒዩተር የሚጻፍ የትእዛዝ ቋንቋ፥ የሚያውቅ ሰው መቅጠር ግድ ነበር። በ2011 ዌድ ፎስተር፥ ብራያን ሄልሚግና ማይክ ኑፕ በአሜሪካ በሚዙሪ ዛፒየርን ጀመሩ፤ ከፕራግ ኢንተግሮማት የተባለው መጣ፤ ይህም በ2022 ስሙ ተለውጦ ሜክ ተባለ። በ2019 በበርሊን የተነሣው ኤን ኤይት ኤን ደግሞ በራስ ኮምፒዩተር ላይ ሊተከል ይችላል። የሁሉም ሥርዓት አንድ ነው፤ «ይህ በሆነ ጊዜ ያንን አድርግ» ብሎ በስክሪኑ ላይ በመምረጥ ማዘዝ ነው። ያለ ኮድ የሚለው ስም ግን ሰውን ያታልላል። ኮዱን ሌላ ሰው ጽፎታል፤ ትእዛዙን አስቦ በቅደም ተከተል የማኖሩ ድካም አሁንም የጸሐፊው ነው።

ለምሳሌ አንድ የትምህርት ቤት ጸሐፊ የምስክር ወረቀቶችን ፎቶግራፍ እያነሣ በጎግል ድራይቭ «የምስክር ወረቀት» በሚል ፎልደር ያኖራል እንበል። ለፋይሉም ስም የተማሪውን መለያ ቍጥር፥ ክፍሉንና ዓመቱን በሰረዝ እየለየ ይሰጠዋል፤ ይኸውም 0412-6-2017 እንደ ማለት ነው። ተላላኪው አዲስ ፋይል በፎልደሩ ባየ ጊዜ ስሙን በሰረዙ ላይ ይከፍለዋል፤ 0412ን በመለያ ቍጥር ዓምድ፥ 6ን በክፍል ዓምድ፥ 2017ን በዓመት ዓምድ ይጽፋል፤ በመጨረሻም የፋይሉን አድራሻ ያኖራል። መዝገቡን የሚያይ ሰው አድራሻውን ሲነካ ወረቀቱ ይከፈትለታል። ጸሐፊዎች በስም አጻጻፍ ባይስማሙ፥ አንዱ ክፍሉን ሌላው ዓመቱን ቢያስቀድም፥ ተላላኪው ስሕተቱን ሳያውቅ እንዳገኘው ይገለብጣል፤ ስለዚህ ፋይል የሚያገቡ ሁሉ አስቀድመው በአንድ ሥርዓት ይስማሙ።

ተላላኪው አዲስ ፋይል መግባቱን የሚያውቀው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በየጊዜው እየሄደ «አዲስ ነገር አለን?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ ስለዚህ ፋይሉ እንደ ገባ ወዲያው በመዝገብ ባይታይ ተበላሽቷል ተብሎ አይታወክ። ሁለተኛው ግምጃ ቤቱ ራሱ መልእክት ሲልክ ነው፤ ይህም ዌብሁክ ይባላል።

ከዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። በዛፒየር «በፎልደር አዲስ ፋይል» የሚለው ትእዛዝ የሚያየው በዚያው ፎልደር በቀጥታ የገባውን ብቻ ነው፤ በውስጡ ሌላ ፎልደር ቢከፈት በዚያ ያለውን አያይም። ጸሐፊው ለመልክ ብሎ «7ኛ ክፍል» የሚል ፎልደር በውስጥ ቢከፍትና ወረቀቱን ሁሉ ወደዚያ ቢያገባ፥ የ7ኛ ክፍል ልጆች በሙሉ ከመዝገብ ውጭ ይቀራሉ። ምንም የስሕተት ምልክት አይታይም፤ ተላላኪው የታዘዘውን ፈጽሟልና።

ሁለተኛው መሰናክል አንዱን ወረቀት ሁለት ጊዜ መመዝገብ ነው። ጎግል ድራይቭ በአንድ ፎልደር ሁለት ፋይሎች አንድ ስም እንዲኖራቸው ይፈቅዳል፤ ስለዚህ የፋይል ስም ለቍልፍነት አይታመንም። ግምጃ ቤቱ ግን ለእያንዳንዱ ፋይል ረዥም የምስጢር ስም የመሰለ መታወቂያ ይሰጠዋል፤ የፋይሉ ስም ቢለወጥ ወይም ፋይሉ ወደ ሌላ ፎልደር ቢዛወር መታወቂያው አይለወጥም። ይህ መታወቂያ በመዝገቡ በአንድ ዓምድ ይጻፍ። ተላላኪውም አዲስ ረድፍ ከመክፈቱ በፊት መታወቂያው ተጽፎ እንደ ሆነ ይፈልግ፤ ካገኘው ያንኑ ረድፍ ያርም፥ ካላገኘው አዲስ ይክፈት።

በአገራችን ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው የስምና የቀን ነገር ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት ቍጥር ውስጥ በ1999 ሲገባ፥ ሀ፥ ሐ እና ኀ ለየራሳቸው ቍጥር ተሰጣቸው፤ ሰ እና ሠ፥ አ እና ዐ፥ ጸ እና ፀም እንዲሁ። አንባቢ ኃይሉንና ሀይሉን አንድ ሰው ብሎ ያነባል፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት ሰዎች ናቸው። መዝገቡ ልጅን በስም የሚፈልግ ከሆነ፥ ጸሐይ ብሎ የተመዘገበውን ፀሐይ ብሎ የጠየቀ አያገኘውም። የፊደሉን መምህር በዚህ መውቀስ አይገባም፤ ሁሉም ጽፈት ይነበባልና። መድኃኒቱ ልጁን በመለያ ቍጥሩ ማወቅ፥ ስሙንም ለንባብ ብቻ ማኖር ነው።

የቀኑ ነገር ከስሙ ይልቅ የከፋ ነው፤ ስሕተቱ እውነት መስሎ ይቀመጣልና። የካቲት 30 ቀን 2007 ዓመተ ምሕረት የተወለደች ልጅ በአውሮፓውያን ማርች 9 ቀን 2015 የተወለደች ናት። ጸሐፊው 30/6/2007 ብሎ ቢጽፍ፥ የዳታቤዙ የቀን ዓምድ የሚያውቀው የአውሮፓውያንን ወር ነውና፥ ጁን 30 ቀን 2007 ብሎ ይቀበለዋል። ልጅቱ በአንድ ቅጽበት ከሰባት ዓመት በላይ ታረጃለች፤ የ1ኛ ክፍል ዕድሜዋ የደረሰችው ልጅም በመዝገብ ዐሥራ አራት ዓመት የሞላት ሆና ትታያለች። ጳጉሜን 5 ቀን 5/13 ተብሎ ቢጻፍ ደግሞ ወርን በሚያስቀድም በአሜሪካ ሥርዓት የተሠራ መዝገብ ሜይ 13 ያደርገዋል። ስለዚህ የእኛ ቀን በጽሕፈት ዓምድ እንዳለ ይቀመጥ፤ የአውሮፓው ቀን አስፈላጊ ከሆነ ተሰልቶ በሌላ ዓምድ ይግባ።

የፈቃድ ነገርም አለ። ተላላኪው ወደ ግምጃ ቤቱ እንዲገባ የይለፍ ቃልን መስጠት አያስፈልግም፤ ከ2012 ወዲህ ኦኦዝ 2 በተባለው ሥርዓት፥ ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ሊነጥቀው የሚችለው የተወሰነ ፈቃድ ይሰጣል። አንዳንድ ሰው ወረቀቱ በመዝገቡ ውስጥ እንዲታይ ብሎ ፎልደሩን አድራሻውን ላገኘ ሁሉ ክፍት ያደርገዋል። ይህ የልጆችን ስምና ውጤት በገበያ ማስጣት ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 በወጣባት አገር ደግሞ በሕግ ያስጠይቃል። አድራሻው ብቻ ይመዝገብ፤ መክፈት የሚችሉትም በስም የተፈቀደላቸው ይሁኑ።

ሥራውን የሚጀምር ሰው አስቀድሞ በሦስት ፋይሎች ይሞክር፤ አንዱን በትክክለኛ ስም፥ አንዱን ሆን ብሎ በተሳሳተ ስም፥ አንዱን ሁለት ጊዜ ያግባ፤ በመዝገቡ የሚሆነውንም ይመልከት። ሥራው ከቆመ በኋላ በየሳምንቱ ዓርብ የፎልደሩን ፋይሎች ከንዑስ ፎልደሮቹ ጋር ይቍጠር፥ የመዝገቡንም ረድፎች ይቍጠር። በግምጃ ቤቱ 212 ፋይሎች ኖረው በመዝገቡ 209 ረድፎች ቢገኙ፥ ሦስቱ የማን ልጆች እንደ ሆኑ ያን ዕለቱን ፈልጎ በእጁ ይጻፋቸው።